ቁጥር አራት ውስጥ ያለው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት፣ የማስተምርበት የቡራዩ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሲጸዳ፣ ከመደርደሪያው ጥግ ላስቲክ ለብሶ የኖረ፣ ጀርባው እንደ ሣጥን ወደ ኋላ የወጣ አሮጌ ስክሪን አገኘሁና ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጥቂት ቆይቶ እየሞቀ ሲሄድ ከጀርባው ቀዳዳዎች የአቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን መዳፌ አላበው፣ ዓይኔም ሳላዘው ግድግዳው ላይ ሰዓት ፈለገ። ያ ሽታ ለእኔ የመዘግየት ሽታ ነው።

ሽታውን የማውቀው ከለሚ ኢንተርኔት ቤት ነው። ቤቱ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከበርና መስኮት ብየዳ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ጠባብ ክፍል ነበር፤ ብየዳው በተጀመረ ቁጥር መብራቱ ይርገበገባል፣ መብራቱ በተርገበገበ ቁጥር ደግሞ ደንበኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኧረ ለሚ» ይላሉ፣ መብራቱን የሚያመነጨው እሱ ይመስል። ስድስት ኮምፒውተሮች በኮምፔንሳቶ ተከልለው ተደርድረዋል፤ በየግንባራቸው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ኢሜይል የሚፈልግ ሰው ለራሱ አይከፍትም፤ ለሚ ነበር የሚከፍትለት። አድራሻውንም ፓስወርዱንም ራሱ ይመርጥና በወረቀት ቁራጭ ጽፎ ይሰጣል፣ ቅጂውን ደግሞ ባለ ካሬ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ዛሬ ተማሪዎቼን አድራሻ ማንም የሚያውቀው የበር ቁጥር ነው፣ ፓስወርድ ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም የማይይዘው ቁልፍ ነው ብዬ ሳስተምር፣ የሰፈሩ ሰው ቁልፍ ሁሉ በአንድ ደብተር ውስጥ ታጭቆ የተቀመጠበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ማንም አልሠጋም። የኮምፒውተሩንም ነገር ቢሆን በየመንገዱ እየጠየቅን፣ በየራሳችን መንገድ እየፈታን ነበር የያዝነው፤ ዳውንሎድ ከሩቅ ያለውን ወደ አጠገብ ማውረድ፣ አፕሎድ ከአጠገብ ያለውን ወደ ሩቅ መስቀል እንደሆነ ያስረዳን አልነበረም።

እህቴ ጽጌ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነበር የምላት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ አዋላጅ ነርስ ለመሆን ቆርጣ፣ ለአንድ የጤና ኮሌጅ ማመልከቻዋን በለሚ ቤት በኢሜይል ላከች፣ የትምህርት ማስረጃዋንም ስካን አስደርጋ ከደብዳቤው ጋር አያያዘች። መልሱም በዚያው በኢሜይል እንደሚመጣ፣ የተጠራም በቀኑ በአካል ካልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚያልፍ ነግረዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔን አስከትላ ትሄዳለች። የምትቀመጠው ቁጥር አራት ላይ ብቻ ነው፤ ማመልከቻዋን የላከችው በእሱ ነውና። ሌላው ሁሉ ባዶ ሆኖ አራት ከተያዘ ቆመን እንጠብቃለን። ፓስወርዷን በአንድ ጣቷ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገች ትጽፋለች። ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲከፈት ትንፋሿን ትይዛለች፤ ኢንቦክሱ ባዶ ሲሆን ቀስ ብላ ትለቃለች።

አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ለሚ ቤት በሩ ተነቅሎ አየሁት። ለመንገድ ማስፋፊያ ቀይ ቀለም ከተቀባባቸው ቤቶች አንዱ ነበርና ለሚ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ ብየዳ ቤቱም አያውቅም። ሮጬ ለእትዬ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና «ቁጥር አራትንም?» አለችኝ።

ማክሰኞ ከዳገቱ በላይ ወዳለው ሌላ ኢንተርኔት ቤት ሄድን። እዚያ የምትሠራው ልጅ ማስቲካዋን እያኘከች ወንበር ሰጠቻት።

«ፓስወርድሽን አስገቢ።»

«የእኔ እዚህ አይደለም» አለች እትዬ። «ቁጥር አራት ላይ ነው።»

«ምኑ ነው ቁጥር አራት ላይ?»

ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ሳቁ። አንዱ «ቀበሌ መሰላት እንዴ፣ በቁጥር የምትጠራው» አለ። እትዬ ፊቷ ቀላ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት።

ማታ እራት ላይ አባባ ነገሩን በጥሞና አዳመጡ። አናጺ ነበሩ፤ ደብዳቤ የሚያውቁት በፖስታ ሣጥን ነው። እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ የብረት ሣጥን አለች፣ ደብዳቤው እሷ ውስጥ ይገባል፣ ባለቤቱ ሄዶ በቁልፉ ያወጣል። ሣጥኗ ከተነቀለች ደብዳቤውም አብሯት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አባባ በእርግጠኝነት «ጽጌ ልክ ናት። በሰው ሣጥን የራስን ደብዳቤ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። ዕቃው የሄደበትን እኔ አገኝልሻለሁ» አሉ። የእትዬ ፊት ከተሳቀባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ዘጉ። አይሱዙ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ እየዞሩ፣ አንዱን ሹፌር በአማርኛ፣ ሌላውን «አካም ጅርቱ» ብለው ጀምረው በኦሮምኛ እየጠየቁ ውለው አቧራ ለብሰው ይገባሉ። እትዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ ገና ከሩቅ ከአካሄዳቸው መልሱን ታውቀዋለች። ዓርብ ሊመሽ ሲል ግን ፈጠን ብለው መጡ። «ሰበታ ነው። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት።»

ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ፤ በእያንዳንዱ ታክሲ ውስጥ እትዬ ረዳቱ ሰው ለመጫን በጮኸ ቁጥር ጉልበቴን ትጨብጣለች። ማስረጃዎቿን የያዘውን ፌስታል እኔ አቅፌ ነበር፤ እጄ ሲያልበው ላስቲኩ ክንዴ ላይ ይጣበቃል።

ለሚን አዲሱ ቤቱ ውስጥ ገመድ ሲያስተካክል አገኘነው። «የቡራዩ ሰዎች፣ እስከዚህ አሳደዳችሁኝ?» ብሎ ሳቀ። «አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ቁጥር አራት የታለ?» አለች እትዬ ሰላምታውን ሳትመልስ።

«እሱማ ተሸጠ። አንድ የሱሉልታ ሰው ወሰደው። ፎርማት አድርጌ ነው የሰጠሁት፣ ውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቼ።»

እትዬ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ደብዳቤዬን አጠፋኸው?»

ለሚ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ስሚኝ ጽጌ። ደብዳቤሽ ቁጥር አራት ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ሰርቨር የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር አለ፣ የት አገር እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ያለው እዚያ ነው። ቁጥር አራት ማያ መስኮት ነው። በየትኛውም መስኮት ብታዪ ያው ነው።»

«ቡራዩም ሆኜ?»

«ቡራዩም ሆነሽ። ፓስወርድሽን አንቺው ታውቂው የለ?»

በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያው ግልጽ የኮምፒውተር ትምህርት ይህ ነበር፤ ዛሬም ለተማሪዎቼ ስለ ሰርቨር ሳስረዳ ቃላቱ የለሚ ናቸው። እትዬ ቁጥር ሁለት ላይ ተቀምጣ በአንድ ጣቷ ጻፈች። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ገጹ ከላይ ወደ ታች ተከፈተ፣ ስክሪኑ አቧራ አቧራ ይሸታል፣ ኢንቦክሱ ውስጥ ደመቅ ባሉ ፊደላት አንድ መሥመር ነበር። ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ነው። ተቀብለዋታል። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በአካል ቀርባ እንድትመዘገብ ይላል።

ሰዓቱን አየሁ። ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

በመልሱ መንገድ እትዬ አላለቀሰችም። አየር ጤና ስንወርድ ክንዴን ያዘችና «ለአባባ ደብዳቤው አልመጣም ነው የምንላቸው። ሰማሽ?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ዘግተው ነው የዞሩልኝ» አለች። ሰኞ ለማንም ሳትናገር ኮሌጁ ድረስ ሄዳ ነበር፤ ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ አላመለከተችም።

ዛሬ እትዬ ሱሉልታ አግብታ ትኖራለች፤ የአራስ ልጅ ልብስ ትሰፋለች፣ እጇ ይመሰገናል። ደስተኛ ናት ወይ ብባል ናት እላለሁ። ግን አንዳንድ ጊዜ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ አስምሬ የኮምፒውተር ቃላትን ከነትርጉማቸው ስደረድር፣ የጠፋውን እለካለሁ፤ ከቤታችን እስከ ዳገቱ ኢንተርኔት ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አራት ቀን፣ አንዲት ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ልትናገረው ትችል የነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ በላይ አይደለም።

አባባ አሁን ሸምግለዋል። ያ ኮሌጅ የሰው ልጅ አመልክቶ አይሆንም እንኳ ብሎ ያልመለሰ ባለጌ ነው ይላሉ፣ እኛም ዝም እንላለን። ዘንድሮ ስማርት ስልክ ገዛሁላቸውና ባለፈው እሑድ እትዬ ከነልጆቿ ቤታቸው መጥታ ሳለ፣ አባባ ከራሳቸው ስልክ የላኩትን ፎቶ በልጇ ስልክ ላይ፣ ቆይተው ደግሞ በእኔ ስልክ ላይ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ነገሩ ስልኩ ውስጥ አይደለማ» አሉ። «በየትኛውም ይታያል ማለት ነው?»

«አዎ አባባ።»

ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። እትዬ ከወዲያ የልጇን ጫማ ማሰሩን አቁማ አየችኝ።

«ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ አባባ።

መልሱን ለስልሳ ተማሪ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ።

«አይ አባባ» አልኳቸው። «አሁን በቅርቡ የመጣ ነው።»