ከደብረ ታቦር በፊት የተገመጠ ፖም

ሜላንያ ልጅ የሞተበትን ቤት አታልፍም ነበር። በመንደራችን በቬርቢቭካ የልጅ ለቅሶ ከተሰማ፣ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ እሷ ደጃፉ ላይ ናት፤ ጠቆር ያለ ሻሽ፣ ባዶ እጅ፣ ዝም ያለ አፍ። እኛም በመጋረጃ ሥር እያጮለቅን «ደግሞ መጣች» እንባባላለን። ማን ጠራት? ምን ልታገኝ? ከጦርነቱ በኋላ ብቻዋን ከሩቅ መጥታ የሟች አክስቷን ጎጆ የወረሰች ሴት ናት። «ልጅ ቀብራለች» ይባላል፤ ይህን መጀመሪያ ማን እንዳለው ግን የሚያስታውስ የለም።

የባልና ሚስቱ የኦሪስያና የዛካር አንድያ ልጅ ዳኒልኮ በጉሮሮ በሽታ የሞተው የፖም አበባ ሲረግፍ ነው። አምስት ዓመቱ ነበር። ሰዉ እየመጣ «ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ» እያለ አጽናንቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የልጁን ስም አፉን ሞልቶ የሚጠራ ጠፋ። ስሙም አብሮት የተቀበረ መሰለ።

ሜላንያ ግን «አይዞሽ» እንኳ አላለችም። ላሟን አለበች፣ ሳህኑን አጠበች፣ ከኦሪስያ ጎን ቁጭ አለችና «ዳኒልኮ ሲስቅ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ኦሪስያ ደነገጠች። ከዚያ ወሬዋ በጸደይ እንደሚሰበር የወንዝ በረዶ እየተንኳኳ ወረደ። ሜላንያ ስታዳምጥ ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎረችላት፦

ቆብህ ከሚስማሩ፣ ጫማህ ከደጃፉ፤
እነዚያ እግሮችህ ሳይጫሙ አለፉ።

ያን ቀን ነው ኦሪስያ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾርባ የቀመሰችው።

ዛካር አላመናትም። «ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?» ይላል ደጅ ቆሞ። «እንባ ይሸጣል እንዴ? ወይስ ከዚህ የሰማችውን ለኅብረት እርሻው ሊቀመንበር ታቀብላለች?»

«የልጄን ስም ትጠራልኛለች» ትለዋለች ኦሪስያ። «አንተ እንኳ አትጠራውም።»

ዛካር ኮፍያውን አጥልቆ ይወጣል።

ሐምሌ ገባ። የኦሪስያ ጎረቤት ፕሪስያ፣ ያቺ ወሬ ሲይዛት ትንፋሽ የሚያጥራት፣ እየሮጠች መጣች።

«ኦሪስያ! ያቺን ሜላንያሽን በአጥር ቀዳዳ አየኋት። ፖም ስትገምጥ!»

የኦሪስያ ማንኪያ ከእጇ ወደቀ።

እኛ ዘንድ ልጅ የቀበረች እናት በነሐሴ ከሚውለው ከደብረ ታቦር በዓል በፊት ፖም አትነካም። በበዓሉ ዕለት መላእክት በሰማይ ለሕፃናት ፖም ሲያድሉ፣ እናቱ ቀድማ የበላችበት ልጅ እጁን ዘርግቶ ይቀራል። «ያንተን እናትህ በልታዋለች» ይሉታል።

«እንግዲህ ወይ የልጇን ድርሻ የምትበላ ናት፣ ወይ ልጅ ቀብራ አታውቅም» አለች ፕሪስያ። «እንዲህ ያለች ናት የዳኒልኮን ስም ስታገላብጥ የከረመችው! እኔ ብሆን ቤቱን ጠበል አስረጭ ነበር።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ ዛካር። በሩንም ቀረቀረ።

ከሰዓት በኋላ ተንኳኳ። «ኦሪስያዬ፣ አሞሽ ነው?» አለች ሜላንያ ከውጭ። ኮቴዋ ርቆ ሲጠፋ ኦሪስያ ከበሩ ኋላ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ቆማ ነበር። ስሙን ከማን ጋር ልትጠራው ነው? ሾርባው ቀዘቀዘ፤ አልነካችውም።

በማግስቱ ራሷ ሄደች። ሜላንያ ከዛፏ ሥር ተቀምጣለች፤ ያ ከሌላው ቀድሞ የሚደርሰው ነጭ ፖም፣ ግማሹ ተገምጦ፣ በእጇ ነው። አልደበቀችውም።

«ማነሽ አንቺ?» አለች ኦሪስያ። «እትዬ» ማለቱን ተወችው። «ልጅ ቀብሬያለሁ ብለሽ ነው ቤቴ የገባሽው?»

«ብዬሽ አውቃለሁ?»

ኦሪስያ አሰበች። አላለችም። ያልነው እኛ ነን።

«ልጄ ሶሎሚያ ትባላለች» አለች ሜላንያ። «ባቡር ጣቢያ ላይ ቦምብ ሲወርድ፣ ሰዉ ሲተራመስ፣ እጇ ከእጄ ሾለከ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። በየዓመቱ ይሄ ዛፍ ያፈራና ያፋጥጠኛል፤ አለች ወይስ የለችም? ካልበላሁ በገዛ አፌ ቀበርኳት ማለት ነው።» ፖሙን አገላበጠችው። «አፈር አፈር ይለኛል እኮ። ግን እበላዋለሁ።»

«ታዲያ የሰው ለቅሶ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«የራሴን የት ላልቅሳት?»

ኦሪስያ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኛም ይሄን አላወቅንም ነበርና እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሜላንያ ስታልፍ መንገዱን ለቀን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን ቆምን። «የልጇን ድርሻ የምትበላ!» አለች ፕሪስያ፣ እንዲሰማት አድርጋ።

ኦሪስያ ከመካከላችን ወጣች። ከሽርጧ ኪስ ፖም አወጣች፤ ዳኒልኮ ሲንጠላጠልበት ከኖረው ዛፍ ነው። እሷ ራሷ እስከ በዓሉ የማትቀምሰውን ፖም በሻሿ ጫፍ ወልውላ ዘረጋችው።

«እትዬ ሜላንያ፣ ሶሎሚያ እስክትመጣ ብዪ።»

ዓይናችን እንደ መርፌ ተሰካባቸው። ሜላንያ ተቀበለች፤ ገመጠች። ድምፁ እስከ አጥሩ ተሰማ።

«ሁለቱም አብደዋል!» አለች ፕሪስያ።

ያኔ ከኋላችን የወንድ ድምፅ መጣ፤ የዛካር ነው፤ እየተሰበረ።

«ዳኒልኮም እንዲህ ነበር የሚገምጠው። በጎን ጥርሱ።»