ፈቃድ የማያስፈልገው ፈረስ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት... ከተማችን ቆሰበር እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍና፣ ፊት ለፊታችን ያለው የባጃጅ ተራ እንኳ አይታይም ነበር። እኔ የሠርግ ባነር አትሜ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ በማተሚያ ቤታችን በር ላይ ሰቅየዋለሁ። ሥራዬ ዲዛይን ነው። ያን ዕለት ደግሞ በገዛ ሥራዬ ፍዝዝ ብዬ ቀርቻለሁ።

ባነሩ የአብሮ አደጌ የሙሉቀን ነው፤ ሠርጉ በማግስቱ ነበር። «የፈረሰኛ ልጅ ነኝ፤ ፈረስ ይኑርበት» ስላለኝ፣ ፎቶ በነፃ ከሚያድሉት ድረ ገጾች አንዱ ላይ ገብቼ ስፈልግ አንድ አገኘሁ። ወይ ፎቶ! ጉም ውስጥ የቆመ ዳማ ፈረስ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለው፣ ቀይ ግላስ የለበሰ፣ ኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም... ከሥሩ «በነፃ ይጠቀሙ፣ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም» ይላል። ያነሳው ሰው ከፈቀደ ማን ሊከለክለኝ ነው ብዬ አወረድኩት።

ከፈረሱ ኋላ ብዥ ያሉ ሰዎች ነበሩ። አጠፋኋቸው። ባዶው ኮርቻ ሙሽራውን የሚጠብቅ መስሎ ታየኝና ከላይ «ኮርቻው ይጠብቅሃል» ብዬ ጻፍኩበት። በቴሌግራም ስልክለት ሙሉቀን ድንኳን እየተከለ ስለነበር፣ በቅጡ እንኳ ሳያየው «አንደኛ ነው!» አለኝ።

እና ያን ጠዋት ከበሩ ውጭ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ባነሩ ፊት ቆመዋል። በአውንጊ ቀስ ብለው ያወራሉ... ለእኔ አይደለም፤ ለፈረሱ ነው። እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ቦቃውን ይደባብሱታል። ቀለሙ አልደረቀም ልላቸው ወጥቼ፣ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«ልጄ፣ የእኛን ዳማ ከየት አገኘሽው?»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ ከኢንተርኔት የወረደ ነው። የየት አገር ፈረስ እንደሆነ ማን ያውቃል!»

«ግላሱን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ቀዩ ክር አልቆብኝ ጫፉን በአረንጓዴ ነው የጨረስኩት። እስኪ እዪው።»

ተጠግቼ አየሁ። ጫፉ አረንጓዴ ነው።

እማማ ብርቄ ይባላሉ። ባለቤታቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ያረፉ ዕለት፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ፈረሳቸው ተሸልሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቅሶው መሃል ይዞር ነበር። አንድ እንግዳ ሰው ካሜራ ይዞ ከዳር ቆሞ ነበር አሉኝ፤ በዚያ ቀን ማን ልብ ብሎት!

ወይኔ ጉዴ! ለካ ለሠርግ የሰቀልኩት የለቅሶ ፈረስ ኖሯል። የቆሰበር ልጅ ሆኜ ባዶ ኮርቻ ሳይ እንዴት አልመጣልኝም? ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር የማንም ያልሆነ ይመስላል መሰለኝ።

እማማ ብርቄ አሁንም ባነሩን እያዩ ነው።

«እኔ እኮ ከኋላው ነበርኩ» አሉኝ። «የት አደረግሽኝ?»

አጠፋሁዎት ይባላል? እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸውና ዋናውን ፎቶ ከፈትኩላቸው። ጉሙ ውስጥ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት፣ መዳፏን ፈረሱ ላይ አሳርፋ ከኋላው ትሄዳለች።

ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው አዩአት።

«ያን ቀን ምኑም ትዝ አይለኝም። መሬት የረገጥኩም አይመስለኝ» አሉ። «ለካስ ይዤው ነበር...»

እኔም እንባዬ መጣ። ይሄኔ ሙሉቀን ባነሩን ሊወስድ እየሳቀ ገባ። ነገሩን ስነግረው ሳቁ ጠፋ። «እናቴ ይሄን ካየች ሠርጉን ነው የምታፈርሰው! በይ አውርጂው፤ ፈረሱም ይቅር» አለኝ ጆሮዬ ሥር። እማማ ግን ሰምተውት ኖሯል።

«ሙሽራው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«ለቅሶ ያደረገው ባዶ መሆኑ ነው። ሰው ይቀመጥበት።»

ሙሉቀን እኔን አየኝ፤ እኔ እሱን አየሁት። ከዚያ ያ ቀልደኛ ልጅ ጎንበስ ብሎ የእማማን ጉልበት ነካ።

«ልቀመጥበት እማማ? ይፈቅዱልኛል?»

ወደ በሩ ዞር ብለው ጉሙን አዩ... ፈረሱ ከዚያ የሚመጣ ነበር የመሰለኝ፣ እውነቴን ነው።

«ተቀመጥ ልጄ። ዛቡን ግን አትጎትትበት፤ አይወድም።»

ሙሉቀን ለጉግስ ሲለማመድ የተነሳው ፎቶ ስልኩ ላይ ነበረው። እሱን ቆርጬ ዳማው ላይ አስቀመጥኩት፤ ጽሑፉንም አነሳሁት። እማማን ከኋላ ልመልሳቸው ስል ግን «እኔን ለሠርግ አታውጪኝ፤ ጥቁር ለብሻለሁ። ለብቻዬ ስጪኝ» አሉኝ። ዋናውን ፎቶ አትሜ ሰጠኋቸው። ነጠላቸው ሥር አቅፈውት ወጡና ጉሙ ውስጥ ጠፉ።

ቅዳሜ ሠርጉ ላይ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ባነሩ ፊት ቆም ብለው ፈረሱ ላይ የተቀመጠውን ሙሉቀንን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሁን፤ አልከበደውም» አሉኝ።

ድረ ገጹ ዛሬም «ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም» ይላል። ፎቶ አንሺው የራሱን ፈቃድ ሰጥቶኛል፣ ይመስገን... የፈረሱን ግን ያገኘሁት ከእማማ ብርቄ ነው።