የወፍ ጠባቂዋ መጽሐፍ በአሥራ አንደኛው ቀን

ሱሌይማን በአጣዬ ዳር ማሽላ እየዘራ ያረጀ፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማረ፣ ሳያጣራ ሰው የማያምን ገበሬ ነበር። በአገሩ ተኩስ ሲበረታ የልጁን ልጅ ናጅዋን አዝሎ ሸዋ ሮቢት ገባ። የአምስት ዓመቷ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልወጣትም፤ ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነ። ሐኪሙም ሼሁም ታገሥ ከማለት አላለፉም። እሱ ግን «አላህ የሰጣትን አንደበት በሽሽት መንገድ ላይ ጥዬባት መጣሁ» እያለ ራሱን ይከስስ ጀመር።

የሰፈሩ ሕፃናት መምህርት ውባለም፣ አንዲት ልጅ ማማ ላይ ወጥታ ማሽላ ከወፍ ስትጠብቅ የሚተርክ ቀጭን መጽሐፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለናጅዋ አነበበችላት። ናጅዋ ቀና አለች። ውባለም መጽሐፉን አውሳው፣ ዕለት ዕለት ያንኑ እንዲደግምላት መከረችው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ አይደነግጥም፣ የተደጋገመ ቃልም የራሱ ይሆናል አለችው።

ሱሌይማን ሌላ መጽሐፍ ስለሌላት የምታሳብብ መሰለው።

«የተመጠጠ ሸንኮራ ደግመው ቢያኝኩት ምን ይገኛል?»

«ጋሼ፣ አንቱስ ቁርኣን የቀሩት አንዴ ሰምተው ነው?»

ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም። ከጎረቤት ተማሪዎች ሦስት ሌሎች መጻሕፍት ለምኖ በየተራ አነበበላት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እህልም ቀነሰች። ያኔ ደንግጦ ወደ ወፍ ጠባቂዋ ተመለሰ።

አሥር ቀን ሙሉ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የማማዋ ልጅ በወፎቹ ላይ ከምትጮኽበት ገጽ ሲደርስ ግን ጩኸቱን ሳያነብ ገጹን ይገልጣል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ተፈናቃዩ ሽማግሌ አበደ መባልን ፈራ። ናጅዋ እዚያ ገጽ ላይ ዓይኗን ታነሣለች፣ ትጠብቃለች፣ መልሳ ትሰብራለች። እሱ ሰለቻት ብሎ ተስፋ ቆረጠ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ያንን ገጽ ሊገልጥ ሲል ትንሿ መዳፍ ገጹን ተጫነችው። ቢስብ አልለቅ አለችው። ስትጠብቅ የከረመችው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እርሻው ላይ በሚያውቀው ድምፅ «እሽ! እሽ በል፣ ወፍ!» ሲል ጮኸ።

«ጋሼ፣ ማሽላው የታለና ነው?» ስትል ጎረቤቱ ራህመት ከግድግዳው ማዶ ሳቀችበት።

ሱሌይማን በኀፍረት አቀረቀረ።

«አባባ፣ ድገመው» አለች ናጅዋ።

እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ልጅቷ እጇን ከገጹ ሳታነሣ ጠበቀችው።