ከጉልበት በላይ አራት ጣት

ጥርሱ ጠለቅ ያለ ጎማ አስፋልት ላይ ሲሮጥ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ደብረ ታቦር ውስጥ እንዲህ የሚያጉረመርም መኪና ባለፈ ቁጥር፣ ዛሬም የያዝሁትን አስቀምጬ እቆማለሁ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስም አልንቀሳቀስም።

የመጨረሻው ደህና ቀን በሐምሌ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስሁበት ክረምት። ታላቅ ወንድሜ ታደለ የጤፍ ዘር ወደ እብናት ገጠር ሊያደርስ ፒካፗን ጭኖ፣ የዘሩን ባለቤቶች አሳፍሮ ሲያበቃ፣ እናታችን በር ላይ ቆማ ሰማዩን እያየች «ዛሬ እንኳ ብትቀር ምናለ፣ ታዴ?» አለችው። «ዘር እኮ ነው እማዬ፣ መሬቱ አይጠብቅም» አላት። ለእኔ ደግሞ በመስኮት ብቅ ብሎ «አንተ ሰነፍ፣ ስመለስ መሪ አስይዝሃለሁ፤ ፊትህን ታጥበህ ጠብቀኝ!» አለኝ። ሌላ የተባለ የለም። ያን ቀን እያስታወስሁ የተለየ ነገር እፈልግበታለሁ፤ የለበትም።

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የያዘው ታደለ ነበር። በበጋ መንገዱ አቧራ ብቻ ስለሆነ ፒካፗ ያለችግር ትመላለስ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ሆዷ ዝቅ ያለ በመሆኑ ድንጋዩ ይፍቃት፣ ጭቃው ይይዛት ነበር፤ ወንዝ ዳር ስትደርስም ታደለ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ገብቶ ውሃውን በእግሩ ይለካ ነበር። ጉልበቱን ከነካው ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነበር። ጭነቱን እንደያዘ አምሽቶ ሲገባ እየተነጫነጨ ራቱን ይበላ ነበር፤ እናቴ ግን በነዚያ ቀኖች ደስ ይላት ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መኪናዋን ከፍ ሊያስደርግ ቆረጠና አብረን ጋራዥ ሄድን። ምን ያህል ትነሳ፣ ምን ዓይነት ጎማ ትልበስ የሚለው ክርክር ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔ አራት ኢንቹንና ትልቁን ጎማ ነበር የፈለግሁት፣ ያስፈራ ነበራ! መካኒኩ ጋሽ ደምሌ ሳቀብኝ። «አራት ኢንች ካነሳናት ኩርባ ላይ ትገለበጣለች። ጎማውም መሪ ባዞራችሁ ቁጥር ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይፈገፍጋል። እናታችሁንስ በመሰላል ልታሳፍሯቸው ነው?» አለ። ታደለ የእናታችንን ጉልበት አስቦ መሰለኝ ሁለት ኢንቹን መረጠ። የፊቱ ሞላ ተለወጠ፣ የኋላው ባሌስትራ ተጠናከረ፣ ጎማውም ከድሮው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጭቃ የሚቧጥጥ ሆነ። ደህና ምርጫ ነበር። ዛሬም ሳስበው ስህተት አላገኝበትም።

ሥራው ሲያልቅ ታደለ ከመኪናዋ ጎን ቆሞ፣ አራት ጣቱን ከጉልበቱ በላይ አጋድሞ፣ «እንግዲህ ውሃው እዚህ ድረስ ቢመጣ እናልፋለን» አለ።

«ኧረ ተው! እኔ ከፍ ያደረግሁት መኪናዋን ነው፣ አንተን አይደለም» አለው ጋሽ ደምሌ።

ሦስታችንም ሳቅን። እንዴት እንደሳቅን።

ያን የሐምሌ ቀን አመሻሽ ላይ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። አብረውት የተሳፈሩት ባለዘሮች እንደነገሩን፣ ታደለ እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ዞሮ መኪናዋን አያት፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ጨመረ። ወሰደው። ሬሳውን ከታች አገኙት። መኪናዋ ዳር ላይ እንደቆመች ነበር፣ ጭረት እንኳ አልነካትም። አሁን እዚያ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፣ መኪና ሳይቆም ያልፋል፤ ያኔ ግን ወንዙን የሚያውቀው የሰው እግር ብቻ ነበር።

በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ባለዘሮቹ ከሽማግሌዎች ጋር እዚያው አድረው፣ ሬሳው በሌላ መኪና እንዲከተል አድርገው፣ ሊያረዱን በታደለ ፒካፕ ቀድመው መጡ። ስለ ጎማው ድምፅ ያሰበ አልነበረም። እናቴ ከሩቅ ለየችው። «መጣ! ወንዙ ይዞት ነው ያደረው!» ብላ ነጠላዋን እያጣፋች፣ እየሳቀች፣ በሩን ልትከፍት ሮጠች።

ከመሪው የወረደው ሌላ ሰው ነበር።

ግቢው በለቅሶ ሞላ፣ ዝናብም ጀመረ። የመኪናዋን ሸራ ለለቀስተኛ መጠለያ ፈትተው ወጥረውት ስለነበር ዘሩ ተጋልጦ ቀረ። ባለዘሮቹ አጠገቡ ቆመው ያለቅሳሉ፤ በዚያ ሰዓት ስለ ዘር አፉን የሚከፍት ከየት ይምጣ? እኔ ተነሳሁ። ከረጢቶቹን እየጎተትሁ ወደ ታደለ ክፍል አስገባሁ፤ ወለሉ እርጥብ ስለነበር አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብሱን ሳላነሳ፣ ደረደርኋቸው።

አንድ ሽማግሌ ባለዘር በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ በእሱ አልጋ ላይ?» አሉ።

«ከረጠበ ከረጢቱ ውስጥ ይበቅላል፣ አባቴ» አልኋቸው። «ሌላ ደረቅ ቦታ የለንም።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውርደው የሚቀጥለውን ከረጢት በአንድ ጫፍ ያዙልኝ።