ጋሽ እንድሪስ ሳይሰሙት የቀሩት ነጋሪት

ጠዋት ልጃቸው ደውሎ ሲነግረኝ «የትኛው እንድሪስ?» አልሁት። የማውቀው እንድሪስ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ። ምናልባት ሌላ ሰው ቢሆንልኝ ብዬ ነው።

ሌላ አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው።

ለማታውቋቸው፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሙስሊም አባት ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ሌላም ሙያ ነበራቸው፤ አሮጌ ነጋሪት ማደስ። እኔ የማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ የጥንት ነጋሪት ነበር። የዋንዛ አካሉ ተሰንጥቆ፣ ቆዳው ተቀዶ፣ ጥግ ላይ ተጥሎ ስንት ዘመን ኖረ።

«ጋሼ፣ ዳግመኛ ይመታ ይሆን?» ብላቸው ተቆጡኝ።

«የሚመታውስ ከበሮ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል!»

ይህን እርማት ከእሳቸው ያልቀመሰ የሰፈራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። የደብራችንን አለቃ ሳይቀር አርመዋቸዋል።

ስንጥቁን እንደ ጀልባ ደፈኑት። ቆዳ ግዛ አሉኝ፣ ከገበያ ገዝቼ ወሰድሁላቸው። አገላብጠው አዩና «ከማን ገዛኸው?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«ይኼማ በቢስሚላህ የታረደ ነው። ሰውየው ጎረቤቴ ነው።»

«ማን ያውቃል ጋሼ? በቃ እንሥራው።»

«እኔ አውቄው የለም እንዴ! የእናንተን ቤት ነጋሪት በእናንተ እጅ የታረደ በሬ ቆዳ ነው የማለብሰው።»

በነጋታው በዚያ ዕድሜያቸው መራዊ ድረስ ሄደው እርጥብ ቆዳ ተሸክመው መጡ። «ሚኒባስ ሙሉ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲረግመኝ ነው የመጣሁ» ብለው ሳቁ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር።

ቆዳው ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ጠፍሩ ጠብቆ፣ ሥራው ያለቀ ዕለት «አንድ ጊዜ ልጎስመውና ድምፁን ልስማ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳይባረክ አይጎሰምም፣ ለመጪው የንግሥ በዓላችን እጠራዎታለሁ አልኋቸው። አለቃችንን ብጠይቃቸው ይፈቅዱ ነበር። አልጠየቅሁም። ሥርዓት አዋቂ ለመምሰል ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«እሺ፣ እንዳልህ» ብለው መጎሰሚያውን መለሱልኝ።

ዛሬ መርዶውን እንደሰማሁ አለቃችን ዘንድ ሮጥሁ። «ይጎሰምላቸው» አሉ፣ ሳያመነቱ። ለልጃቸው ደወልሁ። «በእኛ ለሞተ ሰው ነጋሪት የለም ወንድሜ፤ ዱዓ ይበቃዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። እሳቸው የእኛን ሥርዓት እንዳከበሩ፣ እኛም የእሳቸውን እናከብራለን።

ጋሽ እንድሪስ፣ ለበዓሉ ነጋሪቱ ሲጎሰም ሐይቁ ዳር ያለ ሁሉ ይሰማዋል። እኔም እሰማዋለሁ። የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ እሱንም ከለከልሁዎት።

ቸሩ አላህ በጀነት ይቀበልዎ። እኔን ግን እርስዎ ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።