የግዛቸው መንጋጋና የአለቃው ጉርሻ

የታቦር ሰፈሩ ግዛቸው አፉን በከፈተ ቁጥር መንጋጋው «ቋ» ይል ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን አርፎ ይታከም ነበር። ግዛቸው ግን በመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ፣ አለቃውን አቶ ሞገስን አመስግኖ የማይጠግብ ሰው ነው። ያን ሰሞን ደግሞ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ወንበር ባዶ ሆኖ እንቅልፍ ነስቶታል።

አንድ ጠዋት ሲያዛጋ አፉ አልዘጋ ብሎ ቀረ። ሚስቱ ዘነበች በነጠላዋ ሸፍና በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰችው። ዶክተር ሩት አገጩን ወደ ቦታው መልሳ ኤም አር አይ ውስጥ አስገባችው። እዚያ የገባ ሁሉ እንዳይነቃነቅ ይለመናል፤ እሱን ግን አፉን ቀስ እያለ እንዲከፍትና እንዲዘጋ አዘዘችው። መሣሪያው የመንጋጋውን እንቅስቃሴ እዚያው በዚያው እንደ ፊልም ያነሳል። ግዛቸው ንግግር ሳያደርግ አፉ ሲከፈት ያየው ያን ቀን ነው።

ሐኪሟ በመገጣጠሚያው መሃል እንደ ትራስ የተነጠፈችው ትንሽ ልም አጥንት ከቦታዋ ስትንሸራተት፣ የመንጋጋው አጥንትም ዘሎ ሲያልፋት በፊልሙ ላይ አሳየችው።

«አፍዎን በሰፊው እንዳይከፍቱ። ጉርሻም ይቅርብዎት። ዳግመኛ ከተቆለፈ ቀዶ ሕክምና ነው» አለችው።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ከነባለቤቶቻቸው ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ምሳ ጋበዘ። አቶ ሞገስ ሊሾሙት ያሰቡትን ሰው አስቀድመው እንደሚያጎርሱ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ክትፎውን በእንጀራ ጠቀለሉ፤ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ይዘው ወደ ግዛቸው ዞሩ።

ዘነበች ደነገጠች። «ጋሼ፣ ሐኪም ከልክሎታል» አለች።

«ከእኔ እጅ መብላትን ነው የከለከለው?»

ግዛቸው ሚስቱን በክርኑ ገፋ አደረገና አፉን በረገደው። ቋ! ጉርሻው ገባ፤ አፉ ግን እንደተከፈተ ቀረ። አቶ ሞገስ አልጠገበም ብለው ደገሙት። ግዛቸው እያቃሰተ እንደ ምንም ዋጠው። ሰውዬው እጃቸውን እየጠረጉ ተነሡ።

«ለሕዝብ ግንኙነት ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል? የሰጡትን ይቀበላል፤ መልስ የለው» አሉና ሹመቱን አበሰሩ።

ዘነበች አገጩን በሁለት እጇ ደግፋ ባጃጅ ጥሩልኝ እያለች ትለምናለች። የግዛቸው እንባ በጉንጮቹ ላይ ወረደ፤ ባልደረቦቹም ደስታው ነው ብለው ቆመው አጨበጨቡለት።