ላይና ታች የሌለው ጣውላ

ሰበታ በተከራየሁባት አንዲት ክፍል፣ ከግድግዳው ወዲያ ጡረታ የወጡ መምህር ይኖሩ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው፤ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ለዓይነ ስውራን ልጆች ብሬል ሲያስተምሩ ነው። እኔ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን ጉዳይ ታክሲ ውስጥ ለጠየቀኝ ሰው መናገር አፍር ነበር፤ ተመራማሪዎች ወደ ጠፈር ስለሚሄደው ሰው ዛሬ ዛሬ ምን እየጠየቁ እንደሆነ ማየት ነበር ሥራዬ። ስለ መንኮራኩሩ አይደለም፣ ስለ ሰውየው። እንዴት ይተኛል? ወራት ሙሉ አብረውት ከተዘጉት ጋር ሳይጣላ እንዴት ይኖራል? ሲደክመው የትኛውን ቁልፍ ይሳሳታል?

እንግሊዝኛው ሲከብደኝ ጮክ ብዬ አነብና በአማርኛ ለራሴ እተረጉማለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሁ ሳደርግ በሬ ተንኳኳ። መምህሩ ናቸው።

«ልጄ፣ ትናንት ያቆምሽውን ሳትጨርሺ ሌላ ጀመርሽ» አሉኝ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰሙኝ ከርመዋል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ረበሽኩዎት።»

«የለም፣ አልረበሽሽኝም። እዚያ ክብደት ስለሌለ ላይና ታች የለም ብለሽ አለፍሽው። ታዲያ ሰውየው መብራት ቢጠፋበት ማብሪያውን በምን ያገኘዋል?»

ወረቀቶቼን አገላበጥኩ። እጄ ላይ ያሉት ስለ ቀለም፣ ስለ ጽሑፍ፣ ስለ መብራት ብዙ ይላሉ። ስለ እጅ ያገኘሁት ጥቂት ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እንሞክረው» አሉ።

በሳምንቱ አንድ ዓይነት የሆኑ ስድስት የመብራት ማብሪያዎች ገዝቼ ጣውላ ላይ በሁለት ረድፍ ገጠምኩ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥርም ሰጠኋቸው። የጠፈር ጓንት ወፍራም ነው ስላልኳቸው፣ ከጎረቤት በያጅ ጓንት ተዋስኩ። ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። መጀመሪያ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ፣ ጓንቱን አጥልቄ እኔ ሞከርኩ። ቁጥር ሲጠሩልኝ ከስድስቱ የመታሁት አንዱን ብቻ ነው።

እሳቸው ግን አያቅታቸውም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ያደጉት ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ስለሆነ በእጃቸው ሲዳስሱ የሚቆጥሩት በኦሮምኛ ነው። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...» አሉና ቆሙ። ሦስተኛውን ሳቱት። አራተኛውንም ሳቱት። እኔ አፈርኩ፤ ሽማግሌ ሰው ፈተና ላይ ያስቀመጥኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ጓንቱ ጣቴን አሳወረው» አሉ። «ጥሩ ነው። አሁን ከጠፈሩ ሰውዬ ጋር እኩል ሆንን።»

ከዚያ አዘዙኝ። አንዱ ማብሪያ ላይ ቆርኪ፣ ሌላው ላይ የእንጨት ቁራጭ አጣበቅን። የተቀሩትንም በቅርጽ ለየናቸው። ተራርቀው እንዲቀመጡም አደረግን፤ በወፍራም ጓንት የተጠጋጋ ነገር ሁሉ አንድ ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ስድስቱንም አከታትለው መቱ። የአከራያችን ባለቤት ባልዲ ይዛ ስታልፍ ቆማ አየችን። «ኦቦ፣ መብራቱ እኮ የለም» አለች። «ለዚያ ነው የምንለማመደው» አሏት።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ሳልነግራቸው ጣውላውን በቀስታ አዞርኩት፤ ላዩን ወደ ታች። እጃቸው ሄዶ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ።

«ገለበጥሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጣውላውን ዙሪያውን በመዳፋቸው ሄዱበት። «እኔም ላይና ታች ነበረኝ ለካ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁልጊዜ የምነሳው ከላይኛው ማዕዘን ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ አላወቅኩትም።» ከዚያ አንዱ ጠርዝ ላይ ትልቅ ብሎን እንድተክል ነገሩኝ፤ መነሻው ከጣውላው ከራሱ እንጂ ከመሬቱ እንዳይሆን። ብሎኑ ከገባ በኋላ እንዴትም ባዞረው አልሳቱም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለአማካሪዬ ወሰድኩላት። «ሁለት ሰውና አንድ ጣውላ ጥናት አይባልም» አለችኝ ሳታመነታ። ወረቀቱን ልሰበስብ እጄን ዘረጋሁ። ገጹን መልሳ አነበበችው። «ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። መምህሩን አምጫቸው።»

ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚኒባስ ይዣቸው ሄድኩ፤ ጣውላው ጭናቸው ላይ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ዓይናቸውን ታስረው ተራ በተራ ሞከሩ፣ ተሳሳቱ፣ ለምን እንደተሳሳቱ ተከራከሩ። መምህሩ ጥግ ተቀምጠው የእያንዳንዱን እጅ ድምፅ ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻ አንዱ ተማሪ ዕድሉን ቢያገኙ ወደ ጠፈር ይሄዱ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«መጀመሪያ አብሮኝ የሚዘጋው ማን እንደሆነ ንገሩኝ» አሉ።

እኔም ርዕሴን አጠበብኩ። አሁን የምጽፈው ስለ እጅ ብቻ ነው፤ ዓይን በማይረዳበት ቦታ እጅ መነሻውን ከየት እንደሚያገኝ። የጻፍኩትን ቅዳሜ ቅዳሜ አነብላቸዋለሁ፤ አንዳንዱን ይቀበሉታል፣ አብዛኛውን «ይሄን ማን ሞክሮ ነው?» ብለው ይመልሱብኛል።